ታሪኩን አውቀዋለሁ፣ ነጥቡን ግን አጣሁ፦ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፈተና አዘገጃጀት በሦስት ሳምንት

ፈተና በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣልኛል። ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልድያም የሚጠይቁኝ ተማሪዎች ቃሉን ትንሽ ይለዋውጡታል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። «መጽሐፉን አንብቤዋለሁ፣ ታሪኩንም አውቀዋለሁ፤ ታዲያ ለምን ነጥብ አጣሁ?»

ፈተናው የሚፈልገው ታሪኩን ማወቃችሁን ብቻ ስላልሆነ ነው። ጸሐፊው ያንን ስሜት ወይም ሐሳብ እንዴት እንደፈጠረው፣ እናንተም ያንን ከየትኛው ቃልና ድርጊት እንዳወቃችሁት ይጠይቃል። ይህ ተሰጥኦ አይጠይቅም፤ በልምምድ ይመጣል። አብሽሩ፣ ሦስት ሳምንት ካላችሁ ይበቃል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብትሆኑም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የልቦለድ፣ የግጥም ወይም የድራማ ኮርስ ብትወስዱም አካሄዱ አይለወጥም።

የሚያስፈልጋችሁ

- መጽሐፉ ራሱ፣ ሙሉው። ከቴሌግራም ያወረዳችሁት ፒዲኤፍ ከሆነ ሽፋኑንና የመጀመሪያዎቹን ገጾች እዩ። «አብሪጅድ» ወይም «ሪቶልድ» የሚል ካለበት ያጠረ ወይም ሌላ ሰው አቅልሎ የጻፈው ነው። ፈተና ላይ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር እዚያ ውስጥ ላይኖር ይችላል። «አንአብሪጅድ» ካለ ግን ሙሉው ነው፤ ሁለቱን ቃላት አታምታቱ።
- ዋና ዋና ምዕራፎች በፎቶ ኮፒ። መብራት ሲጠፋና ስልክ ሲዘጋ ጥናቱ አብሮ እንዳይቆም።
- ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ ግን በእርሳስም አታስምሩ፤ ገጹን ደብተራችሁ ላይ መዝግቡ።
- በመዳፍ ልክ የተቆረጠ ማኒላ ወረቀት፣ ለካርድ።
- እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት።
- የቆዩ ፈተናዎች፣ ቢያንስ ሁለት።
- የእጅ ሰዓት። ስልክ ፈተና ክፍል አይገባም፤ ስለዚህ ልምምዱንም ያለ ስልክ አድርጉት።

1. ፈተናው ምን እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ

መምህራችሁን አራት ነገር ጠይቁ። የትኞቹ ጽሑፎች ይካተታሉ? ምርጫ ነው ወይስ ጽሑፍ፣ ነጥቡስ እንዴት ተከፋፍሏል? መጽሐፍ ይዞ መግባት ይፈቀዳል? ክፍል ውስጥ ያልተነበበ ግጥም ወይም ቅንጭብ ይመጣል?

ዩኒቨርሲቲ ላላችሁ አብዛኛው መልስ ኮርስ አውትላይኑ ላይ አለ። ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ይዘለውና ሀንድአውት ሲሸመድድ ይከርማል። የፈተናው ግማሽ ባልታየ ግጥም ላይ ከሆነ ያ ሽምደዳ የሚጠቅመው ለቀሪው ግማሽ ብቻ ነው።

2. ሁለቴ አንብቡ፤ ሁለቱን ንባብ ግን አትቀላቅሉ

የመጀመሪያው ሳምንት ለመጀመሪያው ንባብ ነው። መዝገበ ቃላቱን ዝጉት። ያልገባችሁን ቃል በስሱ አስምሩና እለፉ። በየቃሉ ከቆማችሁ ገጽ 12 ላይ ትደክማላችሁ፣ ታሪኩም ይቆራረጥባችኋል። ምዕራፉ ሲያልቅ ተመልሳችሁ ካሰመራችሁት ውስጥ አምስት ቃል ብቻ ፈልጉ። የምትመርጡት ደጋግሞ የመጣውን ወይም ያለሱ ነገሩ የማይገባችሁን ነው።

ሥራውን በቁጥር ስትከፍሉት ይቀላል። የቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ለምሳሌ 25 ምዕራፍ ነው። በቀን አምስት ምዕራፍ ካላችሁ በአምስት ቀን ያልቃል፣ ሁለት ቀን ይተርፋችኋል። የሼክስፒር ተውኔት አምስት ገቢር ስላለው በቀን አንድ ገቢር ይበቃል።

ሁለተኛው ሳምንት ለሁለተኛው ንባብ ነው። አሁን ታሪኩን ስለምታውቁት ዓይናችሁ አሠራሩ ላይ ያርፋል። መጨረሻውን የምታውቅ ልጅ መጀመሪያው ላይ የተቀመጠውን ምልክት ታያለች፤ ባንድ ንባብ ይህ አይገኝም።

⚠ ማጠቃለያ ወይም ፊልሙን ብቻ አይታችሁ አትግቡ። ማጠቃለያ የሚነግራችሁ ምን እንደሆነ ነው፣ እንዴት እንደተነገረ ግን አይነግራችሁም። ፊልሙ ደግሞ ታሪኩን ሊቀይረው ይችላል። ኤአይ የሚሰጣችሁን ጥቅስም መጽሐፉ ላይ ሳታዩ አትጻፉ፤ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ዓረፍተ ነገር ፈጥሮ የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

3. ለየምዕራፉ አንድ ካርድ

በሁለተኛው ንባብ ምዕራፍ በጨረሳችሁ ቁጥር ካርድ ላይ አራት መስመር ጻፉ። ማን አለ? የት ነው? ምን ተለወጠ? አንድ አጭር ጥቅስ።

ዋናው ሦስተኛው መስመር ነው። «ምን ሆነ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ካርዱ ማጠቃለያ ይሆናል። «ምን ተለወጠ» ስትሉ ግን ምዕራፉ ለምን እንደተጻፈ ታስባላችሁ። ምንም አልተለወጠም ካላችሁ ምዕራፉን እንደገና እዩት፤ ብዙ ጊዜ የተለወጠው በሰውየው ልብ ውስጥ ነው።

የገጽ ቁጥር አትሸምድዱ። እትም በተለወጠ ቁጥር ገጹም ይለወጣል። ምዕራፉን፣ ለተውኔት ደግሞ ገቢሩንና ትዕይንቱን ያዙ።

4. ቃላቱን በምታውቁት ነገር ላይ ስቀሉ

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ተማሪ በብዛት የሚጨነቀው በነዚህ ስሞች ነው። ፍቺያቸውን በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ይገባና ግጥሙ ውስጥ ሲያገኛቸው አያውቃቸውም። ነገሩን ግን ከልጅነታችን ጀምሮ እንጠቀምበታለን።

*ሲምሊና ሜታፎር።* «ልጁ እንደ አንበሳ ነው» ካላችሁ ሲምሊ ነው። «ልጁ አንበሳ ነው» ካላችሁ ሜታፎር ነው። ልዩነቱ «እንደ» ናት። በእንግሊዝኛ የ«እንደ»ን ሥራ በብዛት የሚሠሩት «ላይክ» እና «አዝ» ናቸው። ግን ተጠንቀቁ፤ «ላይክ» መውደድ ማለትም ነው። ቃሉን ስላያችሁ ብቻ ሲምሊ አትበሉ፤ ሁለት ነገር እየተነጻጸረ መሆኑን እዩ።

*ፐርሶኒፊኬሽን።* ክረምት ላይ ደሴ ሆናችሁ «ጉሙ ጦሳን አቅፎ አደረ» ብትሉ ጉሙን ሰው አደረጋችሁት። እዚህ ድረስ ሁሉም ተማሪ ይደርሳል። ስሙን ጽፎ ያልፋል፤ አንድ ነጥብ ያገኝ ይሆናል። ቀሪው ነጥብ የሚገኘው ቀጥሎ ካለው ጥያቄ ነው። ለምን «አቅፎ» አለ? «አፍኖ» ቢልስ? ማቀፍ የእናት ነው፤ ተራራው ተኝቷል፣ ሌሊቱም ሰላም ነው። ማፈን ግን የጠላት ነው፤ ያው ጉም፣ ያው ጦሳ፣ ሌሊቱ ግን አስፈሪ ሆነ። አንድ ቃል ቀይራችሁ ልዩነቱን መናገር ከቻላችሁ ሥነ ጽሑፍ እየተማራችሁ ነው። በየግጥሙ ቢያንስ ሁለት ቃል ላይ ይህን አድርጉ፤ «ባይሆንስ ኖሮ?» በሉ።

*ቶን እና ሙድ።* አንድን ግጥም በትዝታ ቅኝት አዚሙት፣ ከዚያ በባቲ አዚሙት። ቃሉ አልተነካም፤ ስሜቱ ግን ሌላ ሆነ። ቶን ማለት ይህ ነው፤ ተናጋሪው ለነገሩ ያለው አመለካከት በድምፁ ሲሰማ። ሙድ ደግሞ አድማጩ ልብ ላይ የሚያርፈው ነው። ፈተና ላይ «ቶኑ ምንድን ነው?» ሲባል «ጥሩ ነው»፣ «አሳዛኝ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ናፍቆት ነው? ቁጭት ነው? ፌዝ ነው? ለይታችሁ ጻፉ። ለዚህ አሥር የስሜት ቃላት በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ ይኑሯችሁ።

*ፐን እና ሲምቦል።* ሰምና ወርቅ ለምታውቁ ፐን ማለት ኅብረ ቃሉ ነው፤ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲሸከም። ሲምቦል ትንሽ ይለያል። ሲምቦል የሆነው ነገር ታሪኩ ውስጥ በራሱ አለ፣ ከራሱ በላይ የሆነ ነገርንም ያመለክታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ድሩ የደካሞች ኅብረት፣ አንበሳው ኃይለኛው እንደሆነው ማለት ነው። እኛ ጋ ቅኔ ሲሰማ ያደገ ተማሪ የሚሳሳተው ወርቅ በመብዛቱ ነው፤ እያንዳንዱ ዛፍና ወፍ ምስጢር ይሆንበታል። አንድን ነገር ሲምቦል ከማለታችሁ በፊት ጽሑፉ ውስጥ ደጋግሞ መምጣቱን ወይም ወሳኝ ቦታ ላይ መቀመጡን አረጋግጡ።

*ድራማቲክ አይረኒ።* ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕርዩ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ሮሚዮ ጁሊየት የሞተች መስሎት መርዝ ይጠጣል፤ እኛ ግን በሕይወት እንዳለች እናውቃለን። ልባችን የሚሰቀለው ለዚህ ነው።

*ናሬተር።* ተራኪው ደራሲው አይደለም። ታሪኩ «እኔ» እያለ ቢተርክ እንኳ ያ «እኔ» የተፈጠረ ሰው ነው። «ደራሲው ሴቶችን ይንቃል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ያንን ንግግር ማን እንደተናገረው እዩ። ገጸ ባሕርዩ ከሆነ የተናቀው በእሱ አፍ ነው።

*ራይም።* የአማርኛ ግጥም ቤት ሲመታ በዓይናችን እናየዋለን፤ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይታያል። በእንግሊዝኛ ዓይናችሁን አትመኑት። «ላቭ» እና «ሙቭ» መጨረሻቸው በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋል፣ ድምፃቸው ግን አይገጥምም። «ሃይ» እና «ስካይ» ደግሞ አጻጻፋቸው ይለያያል፣ ድምፃቸው ይገጥማል። ስለዚህ ግጥሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ፈተና ክፍል ውስጥ ከንፈራችሁን ብቻ አንቀሳቅሱ። የሼክስፒር ሶኔት 14 ስንኝ አለው፤ ሦስት ጊዜ አራት አራት፣ መጨረሻ ላይ ሁለት። ብዙ ጊዜ መቋጫውን የምታገኙት ከመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ነው፤ ጊዜ ካጠራችሁ እዚያ ላይ አተኩሩ።

5. ጥቅስ፦ አጭር፣ ጥቂት፣ በርዕስ የተከፈለ

ለአንድ ልቦለድ ወይም ተውኔት አሥር ጥቅስ ይበቃል። እያንዳንዱ ከሦስት እስከ ሰባት ቃል ይሁን። ረጅም ጥቅስ በጭንቀት ሰዓት ይሰበራል፤ አራሚውም ነጥብ የሚሰጠው ለርዝመቱ ሳይሆን ለማብራሪያው ነው።

ካርዶቹን በምዕራፍ ሳይሆን በጭብጥ ደርድሯቸው፤ ፍርሃት፣ ሥልጣን፣ ቤተሰብ፣ ለውጥ። ጥያቄው የሚመጣው በጭብጥ ነው። ማታ ቡና ሲፈላ ካርዶቹን ለእህት ወይም ለወንድማችሁ ስጡና ይጠይቋችሁ። እንግሊዝኛውን ባያውቁት ግድ የለም፤ ፊደሉን እያዩ መከታተል ይችላሉ።

ጥቅሱ ከጠፋባችሁ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የራሳችሁን ቃል አታስገቡ። ድርጊቱን በራሳችሁ አነጋገር ጠቅሳችሁ ምዕራፉን ንገሩት። ይህም ማስረጃ ነው።

6. አንቀጽ ጻፉ፤ በየቀኑ አንድ

ከ14ኛው ቀን ጀምሮ በቀን አንድ አንቀጽ በእጃችሁ ጻፉ። ከሁሉም ሥራ ነጥብ የሚያመጣው ይኸኛው ነው። ተማሪ ደግሞ የሚሸሸው ይህንኑ ነው፤ ማንበብ ስለሚቀል።

አንቀጹ ሦስት ሥራ አለው። አቋም ያዙ፣ ማስረጃ አምጡ፣ ማስረጃው አቋማችሁን ለምን እንደሚደግፍ ግለጹ። ጥያቄው ስለ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ዋና ገጸ ባሕርይ ስለ ኦኮንኮ ነው እንበል፦ «ኦኮንኮን የሚመራው ምንድን ነው?» ከታች የሚነሳው ኢኬሜፉና ደግሞ ከሌላ መንደር መጥቶ ኦኮንኮ ቤት የተቀመጠ ልጅ ነው። ፈተናው ላይ በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፉት፤ እዚህ ልዩነቱ እንዲታያችሁ በአማርኛ ላስቀምጠው።

ደካማው መልስ፦ «ኦኮንኮ ኃይለኛ ሰው ነው። ኢኬሜፉና እሱ ቤት ሦስት ዓመት ኖረ። ከዚያ ልጁ እንዲገደል ተወሰነ። ኦኮንኮም አብሮ ሄዶ ገደለው።»

ጠንካራው መልስ፦ «ኦኮንኮን የሚመራው ጥንካሬው ሳይሆን ደካማ መባልን መፍራቱ ነው። ኢኬሜፉና አባቴ ብሎ የሚጠራው ልጅ ነው፤ አንድ ሽማግሌም ግድያው ውስጥ እጅህን አታስገባ ብሎታል። ሆኖም ምዕራፍ 7 ላይ ልጁ ወደ እሱ ሲሮጥ የሚመታው እሱ ራሱ ነው፤ ተራኪውም ደካማ እንዳይባል ፈርቶ እንደሆነ ይነግረናል። መቅረት ይችል ነበር። ስለዚህ ግድያው ትእዛዝን መፈጸም ብቻ አይደለም፤ ፍርሃቱ ያስመረጠው ምርጫ ነው።»

የመጀመሪያው ሐሰት የለበትም። ግን አራሚው የሚያውቀውን ታሪክ መልሶ ነገረው። ሁለተኛው ያንኑ ታሪክ ለአንድ አቋም መስካሪ አደረገው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከየዓረፍተ ነገሩ ጎን «ት» ወይም «ማ» አድርጉ፤ ትረካ ወይም ማብራሪያ። «ት» ከበዛ እንደገና ጻፉት።

የእኛ ተማሪዎች ላይ ደጋግሜ የማየው ሌላም አለ። አማርኛ ስንተርክ «ሄደ፣ ገደለ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ስለ ሥነ ጽሑፍ ሲጻፍ ግን የተለመደው የአሁን ጊዜ ነው፤ «ኪልድ» ሳይሆን «ኪልስ»። መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር ድርጊቱ እንደገና ይፈጸማል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። አንቀጹ መሀል ላይ ጊዜ ከቀየራችሁ አራሚው ይደናገራል።

ስለ ደራሲው ልደትና ትምህርት ግማሽ ገጽ መግቢያም አትጻፉ። ካልተጠየቀ ነጥብ የለውም፤ ጊዜ ግን ይበላል።

⚠ ሙሉ ድርሰት ሸምድዳችሁ አትግቡ። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሁለት ገጽ ሸምድዳ ገባች። ጥያቄው ስለ ልጁ መጣ። እሷ ግን ያጠናችውን ጻፈች፤ ጽሑፉ ያማረ ነበር፣ ነጥቡ ግን አልመጣም።

7. የጥያቄውን ግሥ አክብቡ

«ዲስክራይብ» ምን እንደሚመስል ንገሩኝ ነው። «ኤክስፕሌይን» ለምንና እንዴት። «ኮምፔር» ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን እያመጣችሁ ጻፉ፤ አንዱን ገጽ ለአንዱ፣ ሌላውን ገጽ ለሌላው ብትሰጡ ማነጻጸሩ ይቀራል። «ቱ ዋት ኤክስቴንት» ካለ ደግሞ ምን ያህል ነው የሚላችሁ፤ እውነት የሚሆንበትንም የማይሆንበትንም አሳዩ።

8. ላልታየ ግጥም ሦስት ንባብ

መጀመሪያ ሳትቆሙ አንብቡና አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱ፦ ማን ነው ለማን የሚናገረው? በሁለተኛው ንባብ ስሜቱ የሚዞርበትን ቦታ ፈልጉ። «በት» (ግን)፣ «የት» (ሆኖም)፣ «ናው» (አሁን) የሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙ ጊዜ መዞሪያ ናቸው። መስመር አስምሩበት። በሦስተኛው ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ቃል ምረጡና የጦሳን ጥያቄ ጠይቋቸው፤ ሌላ ቃል ቢሆንስ?

ርዕሱን ሁለቴ አንብቡት፤ ከግጥሙ በፊትና ከግጥሙ በኋላ። ትርጉሙ ተለውጦ ከተሰማችሁ ያንን ጻፉ። ያላወቃችሁት ቃል ካለ አትደንግጡ፤ በዙሪያው ያለው ደስታ ነው ወይስ ስጋት የሚለው ብዙ ጊዜ ይበቃችኋል።

9. በሰዓት ተለማመዱ

በ19ኛውና በ20ኛው ቀን የቆየ ፈተና በሙሉ ሰዓት ሥሩ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ፈተናው 2 ሰዓት ከሆነና ከ50 ከታረመ 120 ደቂቃ አላችሁ። 10 ደቂቃ ለማንበብ፣ 10 ደቂቃ ለማረም ቀንሱ። 100 ደቂቃ ለ50 ነጥብ ይቀራል፤ ለአንድ ነጥብ ሁለት ደቂቃ ማለት ነው። የ15 ነጥብ ድርሰት 30 ደቂቃ፣ የ5 ነጥብ ጥያቄ 10 ደቂቃ። ሰዓቱ ሲሞላ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሳችሁ እለፉ። አንዱን ጥያቄ ከማሳመር ሁለቱን መመለስ ይሻላል፤ ባዶ የተተወ ጥያቄ ዜሮ ነው።

ረጅሙን ድርሰት ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ደቂቃ ወስዳችሁ ሦስት ነጥብ ጣል ጣል አድርጉ። ጊዜ የጠፋ ይመስላል፤ ግን መሀል ላይ ሐሳብ ፍለጋ ቆማችሁ ከምታጠፉት ያነሰ ነው።

10. ዋዜማውና ጠዋቱ

ዋዜማው አዲስ ምዕራፍ የሚከፈትበት ቀን አይደለም። ካርዶቹን አንዴ አይታችሁ ተኙ።

ሰዓቱን ግን አረጋግጡ። ማስታወቂያው ላይ 8:30 ካለ በማን አቆጣጠር ነው? በፈረንጅ የጠዋት ከሆነ የኛ 2:30 ነው፤ በኛ ከሆነ ከቀትር በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ፈተና ያመለጠው ልጅ አውቃለሁ። ክረምት ከሆነና ከራቅ ያለ ሰፈር የምትመጡ ከሆነ ዝናብና ጉም ባጃጁን ያዘገየዋል፤ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ። ሁለት ቢክ ያዙ።

የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ሐሳብ ለመጨመር አትጠቀሙባቸው። የጥያቄ ቁጥሩን እዩ፣ የአሁን ጊዜ ግሡን እዩ፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም አጻጻፍ ከጥያቄ ወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ተጨማሪ ወረቀት ከወሰዳችሁ እዚያም ላይ ስማችሁንና መለያ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ አያይዙት፤ ከዚያ አስረክቡ።